ዝምታም ይመዘናል

«ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን አነጋገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። በሸንጎ ፊት አፉን የሚቆጥብ ሰው ጨዋ ይባላል፤ ታላቁ ሳይናገር የሚናገር ደግሞ ያልታረመ ተብሎ ይነቀፋል። ይህ ልማድ ቤትንና አገርን በመከባበር ያቆየ ስለ ሆነ አላጣጥለውም። ዳሩ ግን ዝምታ በእውነት ወርቅ ከሆነ፥ ወርቅ በእሳት ሳይፈተንና በሚዛን ሳይመዘን ዋጋው አይታወቅም። እኔ የ32 ሰዎችን ሐሳብ እንድሰበስብ ታዝዤ፥ የ11ዱን ዝምታ ሳልመዝን «ሁሉም ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፊርማዬንም አኖርሁበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች መንገር የፈለግሁት፥ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁና በየትምህርት ቤታችሁ ስብሰባ የምትመሩ ወይም ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ ስለ ሆናችሁ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ከፍ ያለ ትምህርት ባይኖረኝም በኮምፒዩተር መጻፍ ስለማውቅ፥ የማይከፈት ነገር ሲኖር የምጠራው እኔ ነበርሁ። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ባገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ፥ ሰው ከሰው ጋር በአንድ አዳራሽ መቀመጥ የሚያስፈራ ሆነ። ስብሰባው ሁሉ ዙም ወደሚባለው መገናኛ ተዛወረ። እኔም በዚያው ሰበብ ከመዝገብ መደርደሪያ መካከል ወጥቼ የስብሰባ በር ከፋች፥ ቆይቶም አወያይ ሆንሁ።

በ2013 ዓ.ም. ከበላይ አንድ ሐሳብ መጣ። ቀድሞ ለመሥሪያ ቤታችን ያገለገሉ ሰዎች የሥራ ዘመን ማስረጃ ሲፈልጉ፥ በአቅራቢያቸው ላለው ቅርንጫፍ ያመለክታሉ፤ ቅርንጫፉም ጥያቄውን በፖስታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልካል። አሁን ግን ደብዳቤው ቀርቶ ጥያቄው በኢንተርኔት ብቻ ይቅረብ ተባለ። ሐሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ደብዳቤ እየዘገየና እየጠፋ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ከመወሰኑ በፊት ግን የየቅርንጫፉ ሠራተኞች እንዲወያዩበት ታዘዘ። እኔም 32 ሰዎችን፥ ስምንት ስምንት አድርጌ በአራት ቡድን ከፍዬ፥ በኢንተርኔት እንዳወያያቸውና ውጤቱን ተንትኜ እንዳቀርብ ኃላፊነቱ ተሰጠኝ።

ውይይቱ እንዲህ ነበር። መገናኛው በነጻ የሚሰጠው ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ነው። የክፍሉ ኃላፊ እያንዳንዱን ውይይት በንግግር ይከፍቱ ነበር፤ ንግግራቸውም የዘመናዊ አሠራርን ጥቅም የሚያስረዳ፥ ያማረና እስከ 15 ደቂቃ የሚደርስ ነበር። ለስምንቱ ሰዎች የሚቀረው 25 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ «ሐሳብ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ» እላለሁ። በመጀመሪያ ከቅርንጫፍ ኃላፊዎች አንዱ «ክቡር ኃላፊያችን እንደ ገለጹልን» ብለው ይጀምራሉ፤ የቀሩትም «እኔም እንደ ተባለው ነው» እያሉ ይከተላሉ። በመካከሉ ድምፅ ይቆራረጣል፤ አንዱ ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። ሰዓቱ ሲደርስ አመስግኜ እዘጋለሁ።

አራቱ ውይይቶች ከተፈጸሙ በኋላ የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ ንግግሩን ሁሉ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ገለበጥሁት። ይህ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ጽሑፉ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ሐሳብ መለያ ሰጠሁት፤ ተመሳሳዮቹንም በአንድ አርእስት ሥር ሰበሰብኋቸው፤ «ጊዜን ይቆጥባል»፥ «ደብዳቤ ከመጥፋት ያድናል»፥ «ዘመናዊ ነው» የሚሉ አርእስቶች ወጡልኝ። «ሀሎ፥ ይሰማል?»፥ «መብራት ሄደብን»፥ «ተቆረጠብኝ»፥ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» የሚሉትን ቃሎች ግን፥ ጽሑፉን እንዳያቆሽሹ ብዬ ሰረዝኋቸው። ዘገባዬንም «ተሳታፊዎቹ በሙሉ ሐሳቡን ደግፈውታል» በሚል ዐረፍተ ነገር ደመደምሁ። ኃላፊዬ አመሰገኑኝ። ደብዳቤውም ቀረ።

ጥቂት ወሮች ካለፉ በኋላ፥ አንድ ቀን ጠዋት፥ ጋቢ የደረቡ ጡረተኛ ሽማግሌ በመስኮቴ ፊት ቆሙ። በወጣትነታቸው በአንድ ቅርንጫፋችን ያገለገሉበት ዘመን በጡረታቸው እንዲታሰብላቸው ማስረጃ ፈልገው ነው የመጡት። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘዋል።

«አባቴ፥ ጥያቄው ከቅርንጫፉ በኢንተርኔት ይላክልዎ ነበር እኮ፤ ለምን ደከሙ?» አልኋቸው።

«ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ ልጄ። አንድ ቀን መብራት የለም አሉኝ። አንድ ቀን ኔትወርክ የለም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን በደብዳቤ ላኩልኝ ብል፥ ደብዳቤ ቀርቷል ተባልሁ። ልጅቱ አዝናልኝ ‹አባባ፥ ከቻሉ እዚያው ሄደው ይሞክሩ› አለችኝ» አሉና ጥቂት ዝም ብለው «ለመሆኑ ይህ ነገር ሲወሰን የእኛን አገር ሰው የጠየቀ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ ተጠይቀዋል፤ ተስማምተዋልም» የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የቅርንጫፉን ስም ሲነግሩኝ ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከዚያ ቅርንጫፍ ሁለት ሰዎች በውይይቱ ላይ ነበሩ፤ የአንዳቸውንም ድምፅ መስማቴን ላስታውስ አልቻልሁም። የሽማግሌውን ማስረጃ በማግሥቱ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ ግን እንደ ወቀሳ ሆኖ ሲከተለኝ ዋለ።

ያን ዕለት ማታ የተቀዳውን ድምፅ እንደ ገና ከፍቼ አደመጥሁ፤ በዚህ ጊዜ የሰረዝኋቸውን ቃሎች ብቻ እየፈለግሁ። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን አስተውልልኝ። የውይይቱ ጥያቄ «አገልግሎቱ በኢንተርኔት ብቻ ቢሰጥ ይቻላል ወይ?» የሚል ነበር። አንዲት ሴት ስለዚሁ ጉዳይ ለመናገር ጀምራ በመካከሉ «ተቆረጠብኝ፤ ይሰማል?» ትላለች፤ ከዚያም ድምፅዋ ይጠፋል። አንድ ሌላ ሰው በጽሑፍ መላላኪያው ላይ «መብራት ሄደብን፤ በኋላ እገባለሁ» ብሎ ጽፏል፤ ተመልሶ ግን አልገባም። እነዚህ ሰዎች ለጥያቄው ግልጽ መልስ ሰጥተው ኖሯል፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በማስረጃ የተደገፈውም መልስ የእነርሱ ነበር። እኔ መልሱን እንደ ጥራጊ ጠርጌ ጥዬ፥ የአፍ ምስጋናውን እንደ እህል በጎተራ ከተትሁ።

ቀጥዬም ቈጠርሁ። ከ32ቱ መካከል የተናገሩት 21 ናቸው። ከነዚህም ውስጥ የራሳቸውን አዲስ ምክንያት ያቀረቡት አራት ብቻ ሲሆኑ፥ 17ቱ «እንደ ተባለው» ያሉ ናቸው። የቀሩት 11 ሰዎች ምንም ቃል አልተነፈሱም፤ ወይም ጀምረው አልጨረሱም። እንግዲህ «በሙሉ ደግፈውታል» ያልሁት ይህንን ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለዚህ ሥራ የተጻፈውን ፈልጌ ማንበብ ጀመርሁ። ሰዎችን በአነስተኛ ቡድን ሰብስቦ በአንድ ጉዳይ ላይ ሐሳባቸውን መመርመር፥ በአሜሪካ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በነበረው በሮበርት ሜርተንና በባልደረባው በፖል ላዛርስፌልድ ሥራ የተስፋፋ ዘዴ ነው። በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. ላዛርስፌልድ ሜርተንን ወደ አንድ የሬዲዮ ሙከራ ይዞት ሄደ። አድማጮቹ የሚሰሙት ነገር ደስ ሲላቸው አረንጓዴ፥ ሲያስከፋቸው ቀይ ቁልፍ ይጫናሉ፤ በኋላም ለምን እንደ ተጫኑ ይጠየቃሉ። ሜርተን ከአድማጮቹ ይልቅ ጠያቂውን ተመለከተ፤ ጠያቂው ሳያውቀው መልሱን ወደ አንድ ወገን እየመራ መሆኑን አይቶ፥ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ለወዳጁ ያሳውቀው ነበር። ይህን ሳነብ፥ ያ ቁራጭ ወረቀት ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ።

ሁለተኛው ያነበብሁት የሰሎሞን አሽ ምርመራ ነው። አሽ በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን በቡድን አስቀምጦ የመሥመሮችን ርዝመት እንዲያመዛዝኑ ጠየቃቸው። ጥያቄው ለሕፃን እንኳ የሚከብድ አልነበረም። ነገር ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር ሌሎቹ አስቀድመው በምስጢር የተነገራቸው ስለ ሆኑ፥ ተራ በተራ አንድ ዓይነት ሐሰት ይናገራሉ። ምስኪኑ ተማሪ ዓይኑ ያየውን ትቶ ከብዙዎቹ ጋር የተሳሳተበት ጊዜ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህል ሆነ። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገርለት ግን ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ፤ መልሱን ለብቻው በጽሑፍ እንዲሰጥ ሲደረግም እንደዚሁ ቀነሰ። የመሥመር ርዝመት ለማንም እንጀራ የሚያሳጣ ጉዳይ አይደለም፤ ሰው በዚህ እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ በአለቃው ፊት ስለ መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ሲጠየቅማ ምን ይሆን?

እነዚህን ነገሮች ከባሕር ማዶ መጻሕፍት እያነበብሁ ሳለ፥ አንድ እሑድ በሠፈራችን ዕድር ስብሰባ ተቀመጥሁ። ሊቀ መንበራችን አረጋዊ ሰው ናቸው፤ ስለ መዋጮ ጭማሪ ሐሳብ ሲጠየቅ፥ ልማዳቸው ሆኖ፥ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከገባው ወጣት አባል አስጀመሩ። የራሳቸውን ሐሳብ ግን በመጨረሻ ተናገሩ። ሲወጡ ጠብቄ ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ልጄ፥ እኔ መጀመሪያ ከተናገርሁ ስብሰባ አይባልም፤ ለቅሶ ቤት ነው የሚሆነው፤ ሁሉም ‹ያጽናህ› ብሎ ይሄዳል» አሉኝ። ይህ ሥርዓት ባገራችን ጥንታዊ ነው። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. ባገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፥ በጎንደር ቤተ መንግሥት ምክር ሲደረግ ድምፅ የሚሰጠው ከታናሹ ጀምሮ መሆኑን ጽፏል። ኋላም በዙፋን ችሎት ፈራጆች አስተያየታቸውን የሚሰጡት ከዝቅተኛው ማዕርግ ተነሥተው ወደ ላይ ነበር፤ የንጉሡ ቃል የመጨረሻው ነው። አባቶቻችን ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ የታናሹ ሐሳብ እንደሚሞት ያውቁ ነበር። እኛ ኮምፒዩተሩን ስንቀበል ይህን ጥበብ ከበር ውጭ ትተነው ገባን።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለኃላፊዬ መንገር። ይህን ስጽፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» ሲባል ያደገ ሰው፥ የተመሰገነበትን ዘገባ ይዞ «ሐሰት ነበር» ለማለት እግሩ አይታዘዝለትም። ደግሞም የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በመጨረሻ የሽማግሌውን ነገር፥ የ11ዱን ሰዎች ዝርዝርና የሰረዝኋቸውን ቃሎች በሁለት ገጽ ጽፌ ገባሁ።

ኃላፊዬ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገርኸኝም?» አሉኝ።

«እርስዎ አስቀድመው ስለ ተናገሩ ነው። ዝም ካሉት አንዱ እኔም ነበርሁ» አልኋቸው።

ይቈጡኛል ብዬ ነበር። ብዙ ቆይተው ግን «እንግዲያስ ዐሥራ ሁለት ናቸዋ!» አሉና ውይይቱ እንደ ገና እንዲደረግ ፈቀዱ።

በመጀመሪያ ለ11ዱ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው፥ ከሥራ ሰዓት ውጭ፥ ስልክ ደወልሁ። የተናገሩት ለማንም በስማቸው እንደማይነገር ቃል ገባሁላቸው፤ ቃሌንም ጠብቄአለሁ። አራቱ ጥያቄው ሳይደርሳቸው መብራት ወይም ኔትወርክ የጠፋባቸው ናቸው። ሁለቱ ከኪሳቸው የሞሉት ካርድ በመካከሉ ያለቀባቸው ናቸው። ሦስቱ በቅርንጫፉ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ በአለቃቸው ክፍል፥ ከአለቃቸው ወንበር አጠገብ ተቀምጠው የተሰበሰቡ ናቸው፤ ከነርሱም አንዱ «እጄን ባነሣ ክርናቸውን እነካው ነበር» ብሎ አሣቀኝ። የቀሩት ሁለቱ ግን በእውነት የተስማሙ ሆነው፥ የሚጨምሩት ስላልነበራቸው ዝም ያሉ ናቸው። አንድ ዓይነት ዝምታ ያልሁት ነገር አራት ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛውን ውይይት በሌላ ሥርዓት አደረግሁት። ጥያቄዎቹን ከሦስት ቀን በፊት ልኬ፥ እያንዳንዱ ሰው ከውይይቱ በፊት ሐሳቡን ለእኔ ብቻ በጽሑፍ እንዲልክልኝ አደረግሁ። ኃላፊዎችን ለብቻ፥ ሠራተኞችን ለብቻ አወያየሁ። የመክፈቻ ንግግር ቀረ። ወጣቶቹ አስቀድመው፥ አንጋፋዎቹ በኋላ ተናገሩ። ጥያቄ ጠይቄ ዝምታ ሲሆን ቶሎ በራሴ ቃል አልሞላሁትም፤ በልቤ እስከ ዐሥር እየቈጠርሁ ጠበቅሁ፤ ብዙ ጊዜ ከሰባት ሳላልፍ አንድ ሰው ይናገራል። ግንኙነት የተቋረጠበትን ሰው ስምና ሰዓቱን መዘገብሁ፤ በዚያው ቀንም በስልክ ፈለግሁት። በፍጻሜውም የተረዳሁትን አንብቤ «እንዲህ ብላችኋል ወይ? የቀረ አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

የተገኘው መልስ ከፊተኛው የራቀ ነበር። ኢንተርኔቱን የጠላ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከ32ቱ 23ቱ ደብዳቤውም አብሮ እንዲቈይ ለመኑ። ምክንያታቸውንም እያንዳንዳቸው በስፍራቸው አስረዱ። በዘገባዬ ላይ ይህን ከመቶ አስልቼ «ሠራተኞቹ ይህን ያህል እጅ» አላልሁም፤ እነዚህ ሰዎች በዕጣ የወጡ ባለመሆናቸው፥ ሐሳባቸው ምን ዓይነት ችግር እንዳለ ያሳያል እንጂ ችግሩ በመላው አገር ስንት እንደ ሆነ አይቈጥርም። ከእያንዳንዱ ሐሳብ አጠገብም «አዲስ» ወይም «የተደገመ» የሚል መለያ ጻፍሁ፤ ዝም ያሉትንም ከምክንያታቸው ጋር ለብቻቸው በአንድ ገጽ አሰፈርሁ። ኃላፊዬ አስቀድመው የሚያነቡት ያን ገጽ ሆነ። ደብዳቤውም ተመለሰ።

በኢንተርኔት መወያየትን ለመንቀፍ ይህን እንዳልጻፍሁ አንባቢ ይረዳልኛል። ከመተማና ከጂንካ ያሉ ሰዎች የቀን አበልና የመኪና ወጪ ሳያስፈልጋቸው በአንድ ሰዓት ይገናኙበታል፤ ዓይን አፋሩም በአዳራሽ የማይናገረውን ለአወያዩ ብቻ ሊጽፍበት ይችላል። ዳሩ ግን በአዳራሽ የሰው ፊት ይታያል፤ የከፋው ሰው ግንባሩን ሲቋጥር፥ ያልገባው ወደ ጐረቤቱ ሲያዘነብል እናያለን። በመስኮቱ ላይ ግን የሚታየው ብዙ ጊዜ ጥቁር አራት ማዕዘንና ስም ብቻ ነው። ስለዚህ አወያዩ በዓይኑ ያጣውን በጥያቄና በጥንቃቄ መተካት አለበት።

ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። የመንገዳቸውንም ኪሣራ የሚመልስላቸው አልተገኘም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቈጨኛል። በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ግን የመጀመሪያውን ዘገባ ግልባጭ አስቀምጬዋለሁ። አዲስ ቃለ ጉባኤ ለመፈረም ብዕር ባነሣሁ ቍጥር «በሙሉ ደግፈውታል» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር አውጥቼ አያታለሁ፤ ከዚያም የተሰብሳቢዎቹን ስም ዝርዝር ወስጄ፥ ድምፁን ያልሰማሁት ማን እንደ ሆነ አንድ በአንድ እቈጥራለሁ።